ኡስታ ኻሊድና የአራሷ ገንፎ

ባቡሩ ከጉርድ ሾላ ሲነሳ ነጂው ቸኮለና ቆሞ የነበረው ተሳፋሪ ሁሉ ወደ ኋላ ተንገዳገደ። ከቆመበት ያልተነቃነቀ አንድ ሰው ብቻ ነበር። ኻሊድ ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ ከአትባራ ፖርት ሱዳን የጭነት ባቡር ሲነዳ የኖረ ሰው ነውና፣ ባቡር ሊነሳ ሲል ከእግሩ ሥር ያውቀዋል። ክንዱ ላይ ያንጠለጠለውን ፌስታል ወደ ደረቱ ሰብሰብ አደረገና «ልጅ ነው፣ ይለምዳል» አለ በልቡ። ስድሳ ስምንት ዓመቱ ነው፤ ከባቡር ነጂ በቀር በማንም ላይ ይህን ያህል ትዕግሥት የለውም።

በአገሩ «ኡስታ» ነበር የሚባለው። ሙያውን ጠንቅቆ ለሚያውቅ ሰው የሚሰጥ ማዕረግ ነው፤ አትባራ ውስጥ ባቡር ነጂን በባዶ ስሙ የሚጠራ ባለጌ ነው። አዲስ አበባ ላይ ማዕረጉን የሚያውቅለት የታች ፎቅ ጎረቤቱ ሸምሲያ ብቻ ናት። ለሌላው ሰው እንዲሁ «አባባ» ነው፤ ለታክሲ ረዳቶች ደግሞ «ሱዳኑ»። ካገሩ የወጣ አገሩ እስኪመለስ፣ ቢጭኑት አህያ ቢለጉሙት ፈረስ ይባል የለ? ኡስታ ኻሊድ ግን ተጭኖም ተለጉሞም፣ በአንድ ነገር አልተሸነፈም። እግሩ አያት ሰፈር ከደረሰ ስምንት ወሩ ነው፤ ሆዱ ግን ገና መተማን አልተሻገረም።

እንዲህ ነው ነገሩ። ከሴት ልጁ ጋር በመጡ በሳምንታቸው ሸምሲያ እንጀራ በምስር ይዛላቸው ወጣች። ኻሊድ ሲያየው ኪስራ መሰለው፤ አገሩ ላይ ከማሽላ የሚጋገር ስስ ቂጣ ነው ኪስራ። ደስ ብሎት ቆረሰ፣ ጎረሰ፣ ማላመጡን አቆመ። ከዚያ በጣም በትሕትና፣ «እመቤቴ፣ ኪስራችሁ ታሟል መሰለኝ» አላት። ሸምሲያ እንባዋ እስኪፈስ ሳቀች። ከዚያን ቀን ወዲህ ቁርሱም ምሳውም ራቱም ፉል በዳቦ ሆነ። ዛሬም ፌስታሉ ውስጥ ያለው ያው ነው፤ ግማሽ ኪሎ ባቄላ፣ አራት ዳቦ። ከዚያ ሌላ በወረቀት የተጠቀለለ አብሽ አለ። እሱ ለልጁ ነው።

የካቲት 2016 ዓ.ም.፣ ቅዳሜ ረፋድ ነበር። ልጁ ሳጂዳ ከወለደች ሦስተኛ ቀኗ፣ እህል ከቀመሰችም ሦስተኛ ቀኗ።

ካርቱም ላይ ጦርነቱ ሲነሳ ሳጂዳ ካገባች ዓመት አልሞላትም። ባሏ ሙነወር ኦምዱርማን ውስጥ ፋርማሲስት ነበር፤ አባትና ልጁን መኪና ላይ አሳፍሮ «እናቴን ይዤ በሳምንት እደርስባችኋለሁ» ብሎ ቀረ። ሳምንቱ ወር፣ ወሩ ወራት ሆነ። የመጨረሻ ድምፁ በታኅሣሥ መጀመሪያ ከወድ መደኒ መጣ፤ በሳምንቱ ከተማዋ በተዋጊዎች እጅ ወደቀች። ከጥር መጨረሻ ጀምሮ ደግሞ በአገሪቱ ስልክ የሚባል ነገር ተዘጋ። የአባትና ልጁን ስልክ መንገድ ላይ ሽፍቶች ስለወሰዱት ለሙነወር የተላከለት የሸምሲያ ቁጥር ነው። ወሬ ከመጣ፣ ክፉም ይሁን ደግ፣ መጀመሪያ የሚገባው እሷ ስልክ ላይ ነው። ስለዚህ ኻሊድ በየጠዋቱ ሁለተኛ ፎቅ ወርዶ በሯን ያንኳኳል፤ እሷም ሳይጠይቃት «እስካሁን የለም ኡስታ፣ አብሽሩ» ትለዋለች። ከዚያ አራተኛ ፎቅ ተመልሶ ለልጁ ሌላ ነገር ይነግራታል።

የሚነግራት ውሸት ነበር። መጀመሪያ ትንሽ ውሸት ነበረች፤ «በመንገድ ላይ ነው ይላሉ» የምትል። ሆዷ ሲገፋ ውሸቱም አብሮ ገፋ። አንድ የጭነት መኪና ሾፌር ገዳሪፍ ላይ ሙነወርን አይቶታል፤ ጢሙን አሳድጓል፣ ከስቷል፣ ግን ደህና ነው። ኻሊድ ይህን ሾፌር ከራሱ አውጥቶ ስምና ቀይ ካሚዮን ሰጠው። ሳጂዳ ስትሰማ ራሷን ትነቀንቃለች። ከወለደች ወዲህ ግን ጭራሽ ነቅነቅም አትልም። መዲዳ፣ ማለትም ለወለደች የሚጠጣ ጣፋጭ ቀጭን አጥሚት፣ በገዛ እጁ ሠርቶ አቀረበላት፤ አንድ ማንኪያ ወስዳ ከንፈሯ ላይ ያዘችውና መለሰችው። የጤና ጣቢያዋ ነርስ ትላንት ሕፃኗን መዝና ከንፈሯን ነክሳለች። «ወተቱ ካልመጣ ልጅቷ አትበረታም፣ እናትየዋ መብላት አለባት» አለች፤ ይህን ለመረዳት አማርኛ አያስፈልግም ነበር።

ባቡሩ አያት ደረሰ። ኻሊድ ወርዶ በእግሩ ወደ ኮንዶሚኒየሙ ሲያቀና ጠዋት የሆነው ነገር ደጋግሞ ይመጣበት ጀመር። ሸምሲያን እንደ ልማዱ ሲያንኳኳ በሩን በሙሉ አልከፈተችለትም። በስንጥቁ ግማሽ ፊቷን አሳይታ፣ «ዛሬ ይቆዩ ኡስታ፣ በኋላ እኔው እመጣለሁ» አለችና ዘጋችው። «የለም» አላለችም። ሁለት ወር ሙሉ አንድ ቀን ሳታጎድል ያለችውን ቃል ዛሬ አላለችም።

«ሥራ በዝቶባት ይሆናል» አለ ለራሱ። መንገድ አቋርጦ፣ የጫት ሱቁን አልፎ፣ የሕንፃው በር ላይ ሲደርስ ግን ይህ ምክንያት ከእጁ ሾልኮ ጠፍቶ ነበር።

ሕንፃው መብራት የለውም። ደረጃውን እየዳበሰ ሁለተኛ ፎቅ ሲደርስ ከሸምሲያ በር ሥር የከሰል ጭስ ይወጣል፤ ውስጥ የሴቶች ሹክሹክታ አለ። ቆመ። ሹክሹክታውም ቆመ። አንዷ «እሱ ነው» ስትል ሰማ፤ ይህችን ያህል አማርኛ ያውቃል። ማንም አልከፈተም፤ እሱም አላንኳኳም። በሱ ሰፈር ክፉ ወሬ የሚመጣው እንዲህ ነው። መጀመሪያ ሴቶች ጎረቤት ቤት ይሰበሰባሉ፤ ባለ ሐዘኑ በአጠገባቸው ሲያልፍ ድምፃቸውን ይውጣሉ። ከዚያ ተያይዘው ይመጣሉ። ኡስታ ኻሊድ የቀሩትን ሁለት ፎቆች ሲወጣ ሦስተኛው ላይ ግድግዳ ይዞ አረፈ።

ቤት ገባ። ሳጂዳ በመኝታ ክፍሉ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ ተኝታለች፤ ሕፃኗ በጀርባዋ በኩል በፎጣ ተጠቅልላለች። በሩን ገርበብ አድርጎ ሳሎን ተመለሰ። አብሹን ከፌስታሉ አውጥቶ ጠረጴዛ ላይ አኖረው። ወንበር ስቦ ተቀመጠ፤ መልሶ ተነሳ። እንግዳ ተቀምጦ አይጠበቅም፣ እንዲህ ያለውማ።

በሩ በጣም በቀስታ ተንኳኳ።

ፊት የቆመችው የጎን ጎረቤቱ ረሆቦት ናት፤ ከሆሳዕና የመጣች፣ ባንክ የምትሠራ፣ በሌላ ቀን ሳቋ ደረጃ ለደረጃ የሚሰማ ልጅ። ዛሬ አትስቅም። ነጠላ አጣፍታለች፣ ዓይኗ ደም መስሏል፣ ጣቷን ከንፈሯ ላይ አድርጋ «ሽሽ» ትላለች። ከኋላዋ ሁለት ሴቶች አሉ፤ የእነሱም ዓይን ቀልቷል። ረሆቦት በሁለት እጇ የያዘችውን ትልቅ ትሪ በነጭ ጨርቅ ሸፍናዋለች። ጫማዋን በር ላይ አውልቃ፣ በእግር ጣቷ እየተራመደች ገባችና ትሪውን ጠረጴዛ ላይ አስቀመጠች። ጨርቁን ገለጠችው።

አሲዳ ነበር። ክብ፣ ለስላሳ፣ ትኩስ እንፋሎት የሚተፋ የገንፎ ክምር።

ኻሊድ አሥራ አንድ ዓመት ወደ ኋላ ሄደ። ሚስቱ ያረፈች ቀን የአትባራ ጎረቤቶች በደጃፉ እንዲሁ በትሪ ነበር የገቡት፣ እንዲሁ በዝምታ። በሱ ሰፈር ለደስታ በግ ይታረዳል፤ ለለቅሶ ቤት ግን አሲዳ ይገነፋል። ሐዘንተኛ ማኘክ ስለማይችል እንዲሁ የሚዋጥ ነገር ነው የሚሰጠው። እነዚህ ሴቶች ያውቃሉ ማለት ነው። ሸምሲያ ጠዋት ሰምታለች፤ ለመናገር አቅም አጥታ በሯን ዘግታበታለች፤ አሁን ባህሉን ጠይቃ፣ እንደ ወጉ አሠርታ ልካለች። ደግ ሴት!

ሁለት መዳፉን ወደ ላይ ዘረጋ። በሱዳን ሐዘን የሚቀበለው እንዲህ ነው። «አል ፋቲሓ» አለና ለሟች የሚባለውን ጸሎት በልቡ መቅራት ጀመረ።

ረሆቦት የሚመርቃቸው መሰላት። ዓይኗን ጨፍና፣ እጇን እንደሱ ዘርግታ «አሜን» አለች። ሁለቱ ሴቶችም «አሜን» አሉ። ምርቃቱ ረዘመ። ረሆቦት አንድ ዓይኗን ገልጣ ስታይ የሽማግሌው ጢም በእንባ ርሷል፤ ከከንፈሩም «ኢና ሊላሂ ወኢና ኢለይሂ ራጂዑን» የሚል ቃል ወጣ። ይህን ደግሞ ታውቀዋለች። መሥሪያ ቤቷ ውስጥ ሰው በሞተ ቁጥር ከሙስሊም ባልደረቦቿ የምትሰማው ነው።

«ማን ሞተ?» አለች። ከዚያ ወደ መኝታ ክፍሉ ዞረች። «ሕፃኗ? አባባ፣ ሕፃኗ ናት? ወይኔ ጌታዬ! ወይኔ ኢየሱስ!»

ሽሽ ትል የነበረችው ልጅ ራሷ ሕንፃውን በጩኸት አናወጠችው። ሁለቱ ሴቶች ደረታቸውን ይዘው ለቅሶ ጀመሩ። ኻሊድ ለአማቹ የሚያለቅሱ መስሎት ይባስ ተንሰቀሰቀ።

ሸምሲያ በዚህ መሃል ነው የደረሰችው። ጉልበቷን ያማታል፤ ገንፎውን በበረንዳዋ ከሰል ላይ ያማሰለችው እሷ ብትሆንም ሁለት ፎቅ ለመውጣት ከሁሉም ትዘገያለች። ጩኸቱን ስትሰማ የመጨረሻውን ደረጃ እንዴት እንደወጣችው አላወቀችም። በአንድ እጇ እርጎ፣ በአንድ እጇ ስልኳን ይዛ በሩ ላይ ቆመች።

ኻሊድ ስልኩን አየ። «መቼ ሰማሽ?» አላት በዓረብኛ። «ለምን ጠዋት አልነገርሽኝም?»

ሸምሲያ ጅዳ በሰው ቤት አሥር ዓመት ሠርታለች፤ ዓረብኛዋ የወጥ ቤት ቢሆንም ያግባባል። «ምኑን ነው የምነግርዎ?»

«የሙነወርን!»

«ያ አላህ! ሙነወር ምን ሆነ? ማን ነገረዎት?»

«እናንተ ናችሁዋ! አሲዳውን ይዛችሁ መጣችሁ አይደል እንዴ?»

ሸምሲያ ወደ ትሪው ተመለከተች። ወደ ኻሊድ ተመለከተች። በከሰል ጭስ የተቃጠለውን የረሆቦትን ዓይን፣ አንዷ በሌላዋ ትከሻ የምታለቅሰውን ሴት አየች። እርጎውን መሬት አስቀምጣ እዚያው ወለሉ ላይ ቁጭ አለች።

«ኡስታ» አለች ቀስ ብላ፣ «ማንም አልደወለም። ማንም አልሞተም። ይኼ የአራስ ገንፎ ነው። እኛ አገር ሴት ስትወልድ ነው የሚሠራው፣ ወገቧ እንዲጠና፣ ወተቷ እንዲወርድ። ጠዋት በሩን የዘጋሁብዎ ሳያዩ ልናመጣላት ብለን ነው።» ወደ ሴቶቹ ዞራ ደግሞ በአማርኛ ጮኸች፤ «ዝም በሉ እናንተ! ልጅቷ ደህና ናት! እሳቸው ገንፎ የለቅሶ መስሏቸው ነው!»

ረሆቦት አፏን በነጠላዋ አፈነች፤ ትከሻዋ ይንቀጠቀጣል። «ሶሪ አባባ፣ በጣም ሶሪ፣ እኔ ሰርፕራይዝ ልናደርጋት ብዬ እኮ ነው...» አልጨረሰችውም፤ ሳቁ አሸነፋት። ሁለቱ ሴቶች እንባቸውን ሳይጠርጉ ሳቁ። ኻሊድ ራሱ፣ እጁ ገና እንደተዘረጋ፣ ከሳቅና ከለቅሶ የቱን እንደሚያስቀድም ቸግሮት ቆመ።

«አባ።»

ሳጂዳ የመኝታ ቤቱን በር ተደግፋ ቆማለች፤ ሕፃኗን አቅፋለች። ፊቷ ከግድግዳው ይልቅ ነጥቷል። የተባለውን ሁሉ፣ በዓረብኛ የተባለውን ሁሉ፣ ሰምታለች።

«ገዳሪፍ ያየው ሾፌርስ?» አለችው።

ኻሊድ እጁን አወረደ። አሁን ገባው። አንድ ትሪ ገንፎ ሲያይ «የማን ነው?» ብሎ አልጠየቀም፤ «ምንድን ነው?» ብሎም አልጠየቀም። ቀጥ ብሎ ለሙነወር ፋቲሓ ቀራ። ሁለት ወር ሙሉ ለልጁ «ይመጣል» እያለ፣ እሱ በልቡ ጉድጓድ ቆፍሮ፣ አፈር አልብሶ፣ የሚጠብቀው ለቀስተኛን ብቻ ነበር። አፍሮ አንገቱን ደፋ። በሕይወቱ አንድ ጊዜ ከሐዲድ የወጣ ባቡር ነድቷል፤ ያን ቀን እንኳ እንዲህ አላፈረም።

«ሾፌር የለም» አላት። «ቀይ ካሚዮንም የለም። እኔ ነኝ የፈጠርኩት።»

«አውቃለሁ።»

«ታውቂያለሽ?»

«ካሚዮኑ አንዴ ቀይ፣ አንዴ ሰማያዊ ይሆን ነበራ።» ድምጿ ተሰበረ። «ያመንኩ የምመስለው ላንተ ብዬ ነው። ካላመንኩ ቁርስህን አትበላም፣ ከቤት አትወጣም ብዬ። ማታ አንተ ስትተኛ አለቅሳለሁ፤ ጠዋት ፊቴን ታጥቤ ስለ ሾፌሩ እሰማለሁ። ከወለድኩ ወዲህ ግን ጉሮሮዬ እምቢ አለ። በእያንዳንዱ ማንኪያ እሱን አብረህ ታጎርሰኛለህ። እንዴት ልዋጠው?»

ኻሊድ ጠጋ ብሎ ግንባሯን በግንባሩ ነካው፤ ሕፃኗ በመካከላቸው ናት። ሁለቱም አለቀሱ፤ ለመጀመሪያ ጊዜ አንድ ላይ፣ በአንድ ሰው ምክንያት። ዓረብኛ የማታውቀው ረሆቦት እንኳ የሆነው ነገር ገብቷት ፊቷን አዞረች።

«ሞቷል አልልም» አለች ሳጂዳ በመጨረሻ። «ይመጣልም አልልም። አላውቅም። አንተም አታውቅም።»

«አላውቅም» አለ ኻሊድ። ይህን ቃል ከአፉ ሲያወጣ ደረቱ ላይ የነበረ ድንጋይ የተነሳ መሰለው።

ሸምሲያ ጉልበቷን ይዛ ተነሳች። ወሎዬ ነች፤ ለቅሶም ቢሆን ሳቅም ቢሆን ምግብ ሲቀዘቅዝ ማየት አትችልም። «በሉ አሁን ተቀመጡ! ለጎረቤት ያልሆነ ቅቤ ለማን ሊሆን ነው? ይህን ከኮምቦልቻ ነው ያስመጣሁት።» ሕፃኗን ከሳጂዳ ተቀበለች፤ ሳጂዳን ከትሪው ፊት አስቀመጠቻት። ከገንፎው አናት ላይ ጉድጓድ አለ፤ ጉድጓዱ ውስጥ ንጥር ቅቤ ከበርበሬ ጋር ቀይ ሆኖ ይንቀሳቀሳል። «ከዳር ቆርሰሽ መሃል ታጠቅሻለሽ፣ እንዲህ።»

ሳጂዳ በሦስት ጣቷ ትንሽ ቆረሰች፤ አጠቀሰች፤ አፏ ውስጥ ከተተች። ሁሉም ጉሮሮዋን ያያል። ዋጠችው።

«ያቃጥላል» አለች። ደግማ ቆረሰች።

ኻሊድ አላመነም። አራተኛውን ስትጎርስ እሱም ሳያስበው እጁን ሰደደ፤ አሲዳ አበላል ስለሚያውቅ ግን ከዳር መጀመርን ትቶ ጣቱን በጉድጓዱ ግድግዳ ላይ ሰነቀረ። ግድግዳው ተናደና ቅቤው በትሪው ሙሉ ጎረፈ።

«ኧረ አባባ፣ ግድቡን አፈረሱት!» አለች ረሆቦት።

ሴቶቹ በሳቅ ፈነዱ። ኻሊድ ምን እንዳለች እንድትነግረው ሸምሲያን ጠየቃት። ሸምሲያ «እሱን እንኳ ይተዉት ኡስታ፣ የመንግሥታት ጉዳይ ነው» አለችና እንባዋን ጠረገች።

ኻሊድ ጎረሰ። የገብሱ ቆሎ ቆሎ የሚል ጣዕም መጀመሪያ መጣ፤ ሚስቱ ስታገነፋ ቤቱን የሚሞላው የእህል ሽታ። እዚህ ድረስ አሲዳ ነው፣ የለቅሶም ይሁን የምን፣ የሚያውቀው ምግብ ነው። ከዚያ ቅቤው ደረሰ፣ የማያውቀው ቅጠል ያለበት፤ ከቅቤው ኋላ በርበሬው። ጆሮው ሞቀ፣ አፍንጫው ተከፈተ። ስምንት ወር ሙሉ ይህ አገር ከሸምሲያ በር ሥር እንዲህ ሲሸተው ኖሮ ነበር፤ እሱ ግን አንድ ጊዜ ቀምሶ ታሟል ብሎ ፈርዶበት ፉሉን ይዞ ተቀምጧል። ሁለተኛ ቆረሰ። አሁን ከዳር ነው።

«ሸምሲያ» አለ አፉን ሞልቶ፣ «ይኼስ ጤነኛ ነው።»

ረሆቦት የሸምሲያን ቀሚስ ጎተተች። «እትዬ፣ አሁን እልል ማለት ይቻላል? ወይስ ነውር ይሆናል? ጠይቂያትማ።»

ሸምሲያ በዓረብኛ ጠየቀቻት። ሳጂዳ አፏ ሙሉ ስለነበር ራሷን ብቻ ነቀነቀች፤ አዎ ነው። ለሴት ልጅ ሦስት ጊዜ እልል ተባለ። ረሆቦት አራተኛ ልትጨምር ስትል ሸምሲያ ክንዷን ቆነጠጠቻት። ከታች ፎቅ አንዲት ሴት፣ ማን እንደወለደ እንኳ ሳታውቅ፣ በእልልታ መለሰች። ሕፃኗ ደንግጣ ነቃችና አለቀሰች።

ሳጂዳ እጇን አልታጠበችም፤ በቅቤ የራሰ ጣቷን አየች።

«አባ» አለች። «ነገ ጠዋት ‹ወሬ አለ?› ብዬ ስጠይቅህ ምን ትለኛለህ?»

ኻሊድ የቆረሰውን ገንፎ በእጁ እንደያዘ አሰበ።

«ከሌለ ‹የለም› እልሻለሁ።»

«እንዲሁ በለኝ። ከዚያ ቁርስ እንበላለን» አለችና ትሪውን ወደሱ ገፋ አደረገችለት።